ወባ የለም ብሎ ለመፈረም

በማይክሮስኮፕ ደም አይቶ ወባ አለ ለማለት አንድ ፓራሳይት፣ ማለትም አንድ የወባ ተውሳክ፣ ይበቃል። አይቼው እርግጠኛ ከሆንኩ አለቀ፣ አንዳንዴማ ፎከስ ሳስተካክል ገና የመጀመሪያው ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ) ላይ ሞልቶ ይጠብቀኛል፣ ደቂቃም አይፈጅም። የለም ለማለት ግን ሌላ ስራ ነው። ቢያንስ 100 ፊልድ በዘይት ሌንስ ማየት አለብኝ፣ ያውም እያንዳንዱ ፊልድ ላይ ፎከሱን ትንሽ ወደ ላይ ትንሽ ወደ ታች እያረኩ፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ፊልም፣ ማለትም ስላይዱ ላይ ወፈር ተደርጎ የተቀባው ደም፣ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ጥልቀት ላይ አይቀመጥም። በደንብ ከተሰራ አስር ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ዛሬ መጻፍ የፈለኩትም ስለዚህ አስር ደቂቃ ነው። ከውጪ ለሚያየው ሰው ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ምንም ያልተሰራበት ይመስላል፣ ታማሚው "ምንም አላገኙብኝም" ብሎ ቅር ብሎት ይሄዳል፣ ሀኪሙም አንዳንዴ ወረቀቱን አይቶ ወደ ጎን ያደርገውና የወባ መድሃኒት ይጽፋል። እኔን ከሁሉም ውጤት በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ወረቀት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ጣት ላይ ነው። የቀለበት ጣት ጎኑ ላይ ይወጋል፣ ጫፉ መሃል ላይ ህመሙ ስለሚብስ፣ ጨቅላ ከሆነ ደግሞ ተረከዙ ላይ። አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፣ ሳይደርቅ ከተወጋ ደሙ ከአልኮሉ ጋር ይቀላቀልና ይበላሻል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረጋለች። ከዛ አንድ ስላይድ ላይ ሁለት ፊልም እንሰራለን፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ወፍራሙ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ዞር ዞር እየተደረገ አንድ ሴንቲሜትር ያህል እንዲሰፋ ይደረጋል፣ ውፍረቱ ልክ መሆኑን የምናውቀው ስላይዱን ጽሁፍ ያለበት ወረቀት ላይ ስናስቀምጠው ፊደሉ በደሙ ውስጥ እንደምንም ሲነበብ ነው። ቀጭኑን ደግሞ ሌላ ስላይድ በ45 ዲግሪ አዘንብለን ደሙን አንዴ ሳንቆም ወደፊት በመግፋት እንሰራዋለን፣ እጅ መሃል ላይ ካመነታ መስመር መስመር ይሰራል። ከዛ ይደርቃል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ አቧራም ዝንብም በማይደርስበት። ዝንብ ስል የምሬን ነው፣ ክፍት የተተወ ወፍራም ፊልም ላይ ካረፈ ደሙን ይበላዋል፣ ስላይዱ ላይ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ታያላችሁ፣ እና የተበላው ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ቀጭኑ ሲደርቅ ሜታኖል ይነካል፣ ሴሎቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ እንዲቀሩ። ወፍራሙን ግን ሜታኖል በጭራሽ እንዳይነካው፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ እሳት ወይ ሙቀት ላይ ማስጠጋትም አይቻልም። የወፍራሙ ጥቅም ያለው ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተው በመታጠባቸው ላይ ስለሆነ ነው። ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሄሞግሎቢኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ የሚቀረው ፓራሳይቱና ነጭ የደም ሴሉ፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕሌትሌትም፣ ብቻ ነው። በቀጭኑ ለማየት ረጅም ጊዜ የሚፈጅ የደም መጠን በወፍራሙ በደቂቃዎች ያልቃል ማለት ነው። ወፍራሙ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይመልሳል፣ ቀጭኑ ደግሞ የትኛው አይነት ነው የሚለውን።

ፊልሞቹን የምናቀልምበት ቀለም ጊምሳ ይባላል። 10 ፐርሰንት ከሆነ 10 ደቂቃ አካባቢ፣ 3 ፐርሰንት ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል፣ የሚበጠበጥበት ውሃ ፒኤች (የአሲድነት ልኬቱ) 7.2 መሆን አለበት፣ ውሃው አሲድ ካደላበት ቫይቫክስ የሚባለውን የወባ አይነት የምንለይባቸው ነጠብጣቦች አይወጡም። የሚገርመው ጉስታቭ ጊምሳ የሚባለው ኬሚስት ሀምቡርግ ሆኖ ይሄን ቀለም ያሳተመው እ.ኤ.አ 1904 ላይ ነው፣ እኛ ዛሬም በእሱ ነው የምንሰራው። ከሱ በፊት ደግሞ 1880 ላይ ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሀኪም ላቬራን አልጄሪያ ኮንስታንቲን ውስጥ ምንም ቀለም ሳይነካው የታማሚ ወታደር ትኩስ ደም ሲመለከት ክር የመሰሉ ነገሮች ሲወራጩ አየ፣ ህይወት ያለው ነገር መሆኑን ያወቀው ከእንቅስቃሴው ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ተመራማሪዎች ወዲያው አልተቀበሉትም፣ ኖቤል የተሸለመው 1907 ነው። እኔ ግን ሁሌ የማስበው ከዛ ቀን በፊት ስላየው ደም ነው። ምን እንደሚፈልግ እንኳን በቅጡ ሳያውቅ ስንት ስላይድ ፊት ተቀምጧል፣ እኛ ቢያንስ የምንፈልገውን እናውቃለን፣ ቀለሙም አለን፣ ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም (የፓራሳይቱ አካል) እና ቀይ ነጥብ ክሮማቲን (ዘረመሉ ያለበት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ ፓራሳይት ነው አይባልም።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከሱ ነው። የቀለም ዝቃጭ አለ፣ ፕሌትሌት አለ፣ ስላይዱ ላይ የነበረ ጭረት ቀለም ይይዛል፣ የቆየ ቀለም ውስጥ ፈንገስና ባክቴሪያ ያድጋል፣ እና የደከመ አይን ሁሉንም ፓራሳይት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ አጠራጣሪ ነገር ሳይ የማደርገው ቆም ብዬ ሁለተኛውን መፈለግ ነው፣ እውነተኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጓደኛ አለው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ለምን ኔጌቲቭ ይከብዳል የምለው እዚህ ጋ ነው የሚገባው። 100 ፊልድ ወፍራም ፊልም ሳይ በጠቅላላው ያየሁት ደም ከአንድ ማይክሮሊትር ሩብ ያህል ቢሆን ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር አካባቢ ደም አለው፣ ማለትም 5 ሚሊዮን ማይክሮሊትር። እንበልና ሰውየው በአንድ ማይክሮሊትር 10 ፓራሳይት ብቻ ነው ያለው፣ ይሄ በጣም ትንሽ የሚባል መጠን ነው፣ ግን በሙሉ ደሙ ሲሰላ 50 ሚሊዮን ፓራሳይት ይሆናል። ከዛ 50 ሚሊዮን ውስጥ ባየኋቸው 100 ፊልዶች የመግባት እድል ያላቸው ሁለት ወይ ሶስት ናቸው፣ እነሱም ሲታጠብ ካልሄዱ፣ ዝንብ ካልበላቸው፣ ቀለሙ ከያዛቸው። 30 ፊልድ ላይ ካቆምኩ አንዱንም ላላገኘው እችላለሁ፣ እና ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ቃል ያው አንድ አይነት ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው 30 አየሁ 100 አየሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በጣም የሰለጠነ አይን ጥሩ ስላይድ ላይ ከ5 እስከ 10 ፓራሳይት በማይክሮሊትር ድረስ ሊያገኝ ይችላል፣ በተለመደው የስራ ሁኔታ ግን ከ50 እስከ 100 አካባቢ ነው የሚባለው፣ በዚህ መሃል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የስላይዱ ጥራት፣ የልምድ እና የትዕግስት ነው።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ አይነት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚኖርበት ዙር 48 ሰአት አካባቢ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ከጣት በምንወስደው ደም ላይ እንደ ልብ የሚገኘው በመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ ቀለበት የመሰለው ደረጃ ላይ እያለ። ከዛ በኋላ የያዘው ሴል ጥቃቅን የደም ስሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ አንጎልን ጨምሮ የውስጥ አካላት ውስጥ ይደበቃል፣ ከጣት በሚወሰድ ደም አይገኝም። ሰውየው በጣም ታሞ ስላይዱ ላይ ትንሽ ወይ ምንም ላይታይ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው በማግስቱ ተመልሰው መጥተው "ትናንት የለበትም ብላችሁ ዛሬ አለበት ትሉኛላችሁ?" ብለው ጠይቀውኛል፣ ንዴታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፣ እና እውነታቸውን ነው። "እናቴ፣ ትናንት ያየነው የትናንቱን ጠብታ ነው፣ ያኔ ተደብቆ ነበር፣ ዛሬ ወጣ፣ እንኳን መለሱት" አልኳቸው። ስላይዱን ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየኳቸው፣ ጎንበስ ብለው በሌንሱ አዩ፣ ሀምራዊው ትልቁ ነጭ የደም ሴል መሆኑን፣ አጠገቡ ያለው ቀይ ነጥብ ያለባት ስስ ቀለበት ደግሞ ልጁን ያተኮሰው መሆኑን አሳየኋቸው። "ይቺ ናት?" አሉ። ያን ቀን ውጤት ከመስጠት ያለፈ ነገር የሰራሁ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ የወባ ጥርጣሬው ካልጠፋ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ መጨረሻ አይደለም፣ ከ12 እስከ 24 ሰአት ባለው ልዩነት እየተደገመ እስከ ሶስት ጊዜ ይታያል። ትኩሳቱ ከፍ እስኪል እንጠብቅ የሚሉ አሉ፣ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሰውየው በመጣበት ሰአት ደሙ ይወሰድ፣ ካልተገኘ ይደገም። ሌላው ነገር ቤት የተረፈ የወባ መድሃኒት አንድ ሁለት ፍሬ ውጦ የሚመጣ ሰው ነው። ያቺ አንድ ሁለት ፍሬ ስላይዱ ላይ ያለውን ፓራሳይት እጅግ ልታሳንሰው ትችላለች፣ በሽታው ግን አልጠፋም። እባካችሁ የዋጣችሁት ነገር ካለ ለላብራቶሪውም ለሀኪሙም ንገሩ፣ ማንም አይቆጣም፣ ቢቆጣም ንገሩ።

ስለ አይነቱ አጠር አድርጌ ልለፍ። ፋልሲፓረም ቀለበቱ ስስ ነው፣ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ሶስት ሆኖ ይገኛል፣ ጋሜቶሳይቱ (ወደ ትንኝ የሚተላለፈው ደረጃ) ሙዝ ይመስላል፣ ይሄ ነው ቶሎ የሚገድለው። ቫይቫክስ የያዘው ሴል ያብጣል፣ በሮዝ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ፓራሳይቱ ቅርጽ የለሽ ነው። መለየቱ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ይነሳል፣ ያንን ለማጥፋት እንደ ፕሪማኩዊን ያለ ተጨማሪ መድሃኒት ያስፈልጋል፣ እሱን ከመስጠት በፊት ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት መኖር አለመኖሩ ቢታይ ነው የሚሻለው፣ እጥረቱ ያለበት ሰው ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱበት ይችላሉ። ብዛቱም ይቆጠራል፣ ለምሳሌ 200 ነጭ የደም ሴል እስክቆጥር 150 ፓራሳይት ካገኘሁ በ8000 አባዝቼ ለ200 አካፍላለሁ፣ 6000 በማይክሮሊትር ይመጣል። 8000 የተባለው በአማካይ የሚገመት የነጭ የደም ሴል ብዛት ነው። ህክምና ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው፣ ብዛቱን በግምት በመደመር ምልክት የሚገልጸው "ፕላስ አንድ ፕላስ ሁለት" የሚለው አጻጻፍ ለዚህ አይሆንም፣ እኔ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ኪት (በደም ጠብታ ላይ መስመር በማውጣት ወባን የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ) እያለ ለምን ትደክማላችሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ኪቱን እወደዋለሁ፣ መብራትም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ቦታ በአጭር ስልጠና የሚሰራ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ መልስ ይሰጣል፣ ብዙ ህይወት አትርፏል። ግን እሱም የሚያየውና የማያየው አለ። ፋልሲፓረምን የሚለየው መስመር በአብዛኛው የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲኑ ፓራሳይቱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፣ ስለዚህ ባለፈው ወር ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በሌላ በሽታ ቢያተኩሰው ኪቱ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ይሄን ፕሮቲን የሚሰራው ጂን የጠፋባቸው ፓራሳይቶች አሉ። መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ እ.ኤ.አ 2010 ላይ ተዘገበ፣ ኋላ ኤርትራ ውስጥ ብዙ ተገኝቶ ሀገሪቱ ኪቷን እስከ መቀየር ደረሰች፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተረጋግጧል። እንዲህ አይነቱ ፓራሳይት ያለበት ሰው ደሙ ሞልቶም ኪቱ መስመሩን ላያወጣ ይችላል፣ ስላይድ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይገኛል። የፓራሳይቱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ከሁለቱም በላይ ጥቂቱን ያገኛል፣ ነገር ግን ሰአታት ይወስዳል፣ ልጅ እያተኮሰው ለምትጠብቅ እናት ብዙ ቦታ የሚደርስ መልስ አይደለም።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሸራረፈው ኔጌቲቩ ነው። ፖዘቲቩ ራሱ ስለሚታይ አይጎዳም፣ የሚቆረጠው ያ አስር ደቂቃ ነው። ሰው ደጅ ላይ ቆሟል፣ "አልደረሰም?" ይባላል፣ ከክፍል ስልክ ይደወላል፣ እና ስላይዱ በ20 ፊልድ ይነሳል። ከዛ ምን ይሆናል፣ ሀኪሙ ኔጌቲቭ ያለው ታማሚ በማግስቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲመለስ ሁለት ሶስት ጊዜ ያያል፣ ከዛ በኋላ የላብራቶሪውን ኔጌቲቭ አያምንም፣ ኔጌቲቭ ተብሎም መድሃኒት ይጽፋል። ላብራቶሪው ደግሞ ያንን ያያል፣ ለምን እደክማለሁ ምን ብዬ ብጽፍ መድሃኒቱ አይቀር ይላል፣ ፊልዱ ከ20 ወደ 10 ይወርዳል። ሁለቱም ወገን ልክ የሆነ ይመስለዋል፣ መሃል ላይ የሚጎዳው በወባ ምክንያት ያላተኮሰው ልጅ ነው፣ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ የወባ መድሃኒት ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል፣ በእንዲህ አይነት በሽታ ሁለት ቀን ደግሞ ብዙ ነው። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ 2010 ላይ ወባ የተጠረጠረ ሁሉ ከመታከሙ በፊት በማይክሮስኮፕ ወይ በኪት ይረጋገጥ ያለው ለዚህ ጭምር ነው።

አንድ ሀኪም ውጤቱን ባያምን ቅር አይለኝም፣ "ይደገምልኝ" ብሎ ቢልክ ደግሞ ደስ ነው የሚለኝ፣ ስላይዱን ሌላ ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ፣ አዲስ ደም እወስዳለሁ። ይደገም ማለትና ወረቀቱን ወደ ጎን ትቶ መድሃኒት መጻፍ ፍጹም የተለያየ ነገር ነው። እና ላብራቶሪ ኃላፊ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ወረፋው ከአቅም በላይ ሲሆን ያንን በግልጽ ተናገሩ፣ ሰው ይጨመር፣ በጠና የታመመው ይቅደም፣ ሌላው ይጠብቅ፣ ያላለቀ ስላይድ ላይ ግን አይፈረም። ውጤት የምትጠብቁ ታማሚዎችም፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ዝም ብሎ አንድ ቦታ የሚያይ ሲመስላችሁ የእናንተን ፊልድ እየቆጠረ ነው።

100 ፊልድ ማየት ሌላም ጥቅም አለው። የከፍተኛ ትኩሳት ታማሚ ነበር፣ ወጣት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ህመም፣ ጥያቄው ወባ ብቻ ነው የሚለው፣ ኪቱ ተሰርቶ ኔጌቲቭ ሆኗል፣ ወፍራሙን ሳይ ወባ የለም፣ 40፣ 50፣ 60 ፊልድ አለፈ፣ ምንም። ከ80 ሲያልፍ በነጭ የደም ሴሎቹ መሃል ቀጭን ጥምዝምዝ ያለች ሀምራዊ ክር አየሁ። ቆምኩ፣ ፎከሱን አንቀሳቀስኩ፣ ጭረት ቢሆን ቅርጹ ቀጥ ይል ነበር፣ ይቺ ግን እኩል እኩል የምትወዛወዝ ናት፣ ሁለተኛዋን ፈለኩ፣ ቀጭኑ ፊልም ላይ በሴሎቹ መሃል ተጋድማ አገኘኋት። ቦሬሊያ የሚባል ባክቴሪያ ነበር፣ በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያመጣው። ወረቀቱ ላይ ወባ አልተገኘም፣ ቦሬሊያ ታይቷል ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱ በሰው እስኪደርስ አልጠበኩም፣ ለሀኪሙ ደወልኩለት፣ ምክንያቱም ግርሻ በአንቲባዮቲክ ነው የሚታከመው፣ መድሃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰአታት ደግሞ ትኩሳቱ በድንገት ሊንር፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ታማሚው አልጋ ይዞ ክትትል ያስፈልገዋል። "ወባ ነው ብዬ መድሃኒቱን ልጽፍለት እስክሪብቶ ይዤ ነበር" አለኝ፣ ከዛ ስልኩን ሳይዘጋ ነርሷን አልጋ እንድታዘጋጅ ሲነግራት ሰማሁ።